“የስኳር ክኒን” የሚባል አንድ ክኒን የለም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ስኳር ያለበት አባት ወይም እናት ያላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እንደምታውቁት ሐኪም አይደለሁም። ገረሴ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ከተገኘብኝ ግን ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይህን ያስጻፈኝ ለክትትል ወረፋ ስንጠብቅ በየጊዜው የምሰማው ወሬ ነው። “ያንተኛው ሆድ አይረብሽም አሉ። እስቲ የአሥር ቀን አበድረኝ፣ የኔ ሲመጣ እመልስልሃለሁ።” ልክ እንደ ጨው፣ ልክ እንደ ክብሪት። መበዳደር ደግ ባህላችን ነው። ክኒን ላይ ሲሆን ግን ይኸው ደግነት ሰው ሊገድል ይችላል።

ለምን ቢባል፣ እኛ አገር ለስኳር በብዛት የሚታዘዙት ሁለቱ የሚዋጡ መድኃኒቶች፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ሥራቸውም ጠባያቸውም ለየቅል ነው። ሁለቱም “የስኳር ክኒን” ይባላሉ። ሁለቱም ተቆጥረው በትንሽ ላስቲክ ወይም በወረቀት ተጠቅልለው ይሰጣሉ። ቤት ሲደርሱ ማን የቱ እንደሆነ ይለያል?

ከሜትፎርሚን ልጀምር። ይህ መድኃኒት በዋናነት የሚሠራው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፣ ሰውነትም ያለውን ኢንሱሊን በደንብ እንዲጠቀም ይረዳል። ቆሽትን “ኢንሱሊን ጨምር” ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ችግሩ ሆድ ላይ ነው፦ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም። እኔንም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አሳር አብልቶኛል። ግን አብዛኛው ሰው ላይ እያደር ይለቃል። በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር መውሰድ፣ በ500 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ይረዳል። ከሆድ ውስጥ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነትም አለው፤ ከተገኘ ለሆድ የተሻለ ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉበት። አንደኛው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ላይ መድኃኒቱ ይጠራቀምና ደምን አሲዳማ ሊያደርግ ይችላል። አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም አደገኛ ነው፤ የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ሲይዛችሁም “ልቀጥል ወይ?” ብላችሁ ባለሙያ ጠይቁ። ሁለተኛው የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ነው። ለብዙ ዓመት ሜትፎርሚን የወሰደ ሰው እግሩ ሲደነዝዝ “ስኳሩ ነው” ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዴ ግን የቢ 12 ማነስ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ መድኃኒት አለው።

አሁን ወደ ግሊቤንክላማይድ እንምጣ። አንዳንዱ ሰው ዳኦኒል በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ይህኛው ቀጥታ ቆሽት ጋ ሄዶ ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያዘዋል። ሆድ እምብዛም አይረብሽም፣ ስኳርንም ቶሎ ያወርዳል። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። ነገር ግን ትእዛዙ ምግብ መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። በላችሁም አልበላችሁም ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል። ካልበላችሁ ስኳሩ ይወርድ ይወርድና አእምሮ የሚሠራበት ያጣል።

የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ የተገኘበት መንገድ ራሱ ይህንን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1942 ፈረንሳይ ሞንፔልዬ ከተማ ውስጥ ማርሴል ዣንቦን የሚባል ሐኪም የታይፎይድ ሕሙማንን በአንድ አዲስ የሰልፋ መድኃኒት ሲያክም ነበር። አንዳንዶቹ ስኳራቸው ወርዶ ክፉኛ ታመሙ። ኦገስት ሉባቲዬር የተባለ የዚያው ከተማ ተመራማሪ ነገሩን ተከታትሎ መድኃኒቱ ኢንሱሊን እንደሚያስለቅቅ አሳየ። አያችሁ፣ መጀመሪያ የታየው ጉዳቱ ነው። ጉዳቱ በኋላ መድኃኒት ሆነ፣ ጉዳትነቱ ግን አልቀረም።

እኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ሜትፎርሚን ተሰጥቷት ነበር፤ ከምግብ ጋር ውሰጂው ያላት አልነበረም። ተቅማጡ ሲያስመርራት ከጎረቤት ጋር ክኒን ተለዋወጠች። ለሁለት ሳምንት “አሁን ገና መድኃኒት አገኘሁ” ስትል ከረመች። ከዚያ የጾም ጸሎት ቀን መጣ። ጠዋት ክኒኑን በውሃ ዋጠች፣ ምግብ የለም። ወደ ስምንት ሰዓት ላይ በገረሴ ብርድ ላቧ ይንቆረቆር ጀመር። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ንግግሯ ተወላገደ፣ የገዛ ልጇን “ማነህ አንተ?” አለችው። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ መንፈስ ነው አለ፣ ግማሹ ደም ግፊት ነው አለ። ከመካከላቸው አንዷ አሥረኛ ክፍል ያስተማርኳት ነርስ ነበረች። “ጠዋት ምን ዋጠች? በልታለች ወይ?” ብላ ጠየቀች። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። መዋጥ ትችል ስለነበር ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። አክስቴ በደቂቃዎች ውስጥ ልጇን በስሙ ጠራችው።

ግን በዚህ አላበቃም። ነርሷ “ዳነች ብላችሁ ቤት እንዳታስቀሯት” ብላ ወደ ጤና ተቋም አስወሰደቻት። ማታ ስኳሯ እንደገና ወረደ። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ እስከ አንድ ቀን ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ብርጭቆ የስኳር ውሃ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ያን ሌሊት ቤት ብትተኛ ኖሮ ጠዋት አትነሳም ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰው የሚፈራው ሆድ የሚያስጮኸውን ነው፣ የሚያምነው ዝም ያለውን። ዝም ያለው ግን በተለይ ለአረጋዊ ሰው፣ ኩላሊቱ ለደከመ፣ ለሚጾም፣ በባዶ ሆድ አረቄ ለሚጠጣ የከፋው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው ተስማሚ አይደለም ብሎ፣ ከዚያው ቤተሰብ ግሊክላዛይድን ያስቀምጣል። ይህን አንብባችሁ ግን የእናታችሁን ክኒን አውጥታችሁ እንዳትወረውሩ! ዋጋው ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ብዙ ሰው በእሱ ደህና እየኖረ ነው። ዕድሜያቸውንና ጾማቸውን ንገሩና ሐኪሙን ጠይቁ ነው የምለው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በዘመድ የሚላኩም አሉ። ሲታግሊፕቲን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ትርፉን ስኳር በሽንት ያስወጣሉ። ለልብና ለኩላሊት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ብልት አካባቢ ፈንገስ ያመጣሉ፣ ውሃ ያስጠማሉ፣ ሰው ታሞ ወይም ጾሞ ሳለ ከተወሰዱ ደምን አሲዳማ ሊያደርጉ ይችላሉ። ፒዮግሊታዞን ደግሞ እግር ያሳብጣል፤ ልቡ ለደከመ ሰው አይሆንም። ስለዚህ “ልጄ ጥሩውን ላከልኝ” ብሎ ነገር የለም። ጥሩ የሚባለው ለማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

በቃ፣ ከዚህ ሁሉ አራት ነገር ያዙልኝ።

የክኒናችሁን ስም እወቁ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካላችሁ ስሙን በቃል አስጠኑት፤ የሁለቱን ክኒን ዕቃ ለዩለት።

ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ሳይበላ አይዋጥ። ሊጾም ካሰበ ቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ካያችሁ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፣ ከዚያ ምግብ ስጡትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታስገቡ፤ ያንቀዋል። ተሸክማችሁ ሩጡ።

ክኒን አታበድሩ፣ አትበደሩ።

በየፋርማሲውና በየጤና ጣቢያው የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ክኒኑን ስታቀብሉ ስሙንና “ሳትበሉ እንዳትወስዱት” የምትለዋን ቃል ጨምሩ፤ አማርኛ ለማይሰሙት ደግሞ በጋሞኛ ንገሯቸው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አክስቴ ዛሬ ከግሊቤንክላማይድ ወጥታ ወደ ሜትፎርሚን ተመልሳለች። ቁርሷን በልታ ትወስደዋለች፣ ሆዷም ለምዶታል። ክኒን ሊበደራት የሚመጣውን ጎረቤት ደግሞ “ቆጮ ልስጥህ፣ ክኒን የለም” እያለች ትመልሰዋለች።