ዳር የሌለው መንገድ

በባሕር ዳር ከተማ በመምህርነት ሳገለግል፣ ማለዳ ማለዳ እመለከተው የነበረው ትዕይንት ዛሬም ከዓይነ ኅሊናዬ አልጠፋም። ከተማዋ ሜዳማ በመሆኗ ተማሪውም ሆነ ሠራተኛው በብስክሌት ይመላለስ ነበር። ዘንባባ በተሰለፈበት ጎዳና ላይ ደወላቸውን እያሰሙ ሲጎርፉ ማየት ደስ ያሰኛል። ብስክሌት ነዳጅ አይጠይቅም፤ ጭስም አያወጣም፤ የድሀውንም ልጅ በሰዓቱ ከትምህርት ቤት ያደርሳል።

በክፍሌ ውስጥ አንድ ትጉህ ተማሪ ነበር። ታናሽ እኅቱን በብስክሌቱ የዕቃ መጫኛ ላይ አስቀምጦ ከከተማው ዳርቻ ይመጣል። ከዕለታት አንድ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያበቃ ሲል፣ ልብሱ በጭቃ ተለውሶ፣ ክርኑም ተልጦ ደረሰ። አንድ የጭነት መኪና ተጠግቶት ሲያልፍ ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ወድቆ ኖሯል። እኔም ነገሩን ሳላጣራ፣ «ዳርህን ይዘህ ብትነዳ ኖሮ ይህ ባልደረሰብህ ነበር!» ስል በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ መንገዱ ዳር የለውም እኮ» አለኝ። እኅቱ እጇ ተሰብሮ ከእናቷ ጋር ሐኪም ቤት መቅረቷን የሰማሁት ከቀትር በኋላ ነው።

በማግሥቱ ያንን መንገድ በእግሬ ሄጄ ተመለከትሁት። አስፋልቱ ካበቃበት ቦዩ ይጀምራል፤ በመካከላቸው አንድ ጫማ የሚያስቆም ስፍራ እንኳ አልነበረም። ልጁ የጎደለው ጥንቃቄ ሳይሆን መንገድ ነበር። ስለዚህ በጓደኞቹ ፊት እንደ ገሠጽሁት ሁሉ፣ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ብስክሌት ነጂ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚወዛወዝ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ስፍራ ያሻዋል። በሌላ በኩል፣ ፊዚክስ እንደሚያስተምረን፣ የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ይዞት የሚሄደው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጉልበት በቀለም የተሰመረ መስመር ብቻ አይገታውም። በጠርዝ ድንጋይ የተለየ መንገድ ያስፈልጋል፤ መለየት በማይቻልበት ሥፍራ ደግሞ የመኪናው ፍጥነት መቀነስ አለበት።

ዛሬ የብስክሌት አገር የምትባለው ኔዘርላንድም ይህን የተማረችው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በመንገዶቿ ላይ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው አቤት አሉ፤ ከዚያም በኋላ ለብስክሌት የተለዩ መንገዶች እየተስፋፉ ሄዱ። በአገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ መንገድ መሥራት ብቻውን አይበቃም። መኪና ከቆመበት ወይም ሸቀጥ ከተዘረጋበት፣ ልጁ ተመልሶ ወደ አስፋልቱ መውጣቱ አይቀርም።

እንግዲህ ልጆቻችንን «ዳር ዳሩን ሂዱ» ብለን ከመምከራችን በፊት፣ የሚሄዱበትን ዳር እንሥራላቸው፤ የተሠራውንም እንጠብቅላቸው።