ደቅ፤ በጣና ባሕር የተዘረጋች ዝቅተኛ ደሴት

ክረምት በገባ ጊዜ ከምዕራብ ጎጃም ማሳ ታጥቦ የሚሄደው አፈር መድረሻው ወዴት እንደ ሆነ ለማየት በየካቲት ወር ከፍኖተ ሰላም ተነሣን። በቡሬ፥ በጢሊሊ፥ በእንጅባራና በዳንግላ አልፈን ግልገል ዓባይን ተሻገርን። ይህ ወንዝ ከሰከላ፥ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚገባ ነው፤ በበጋ ጠርቶ ያየነው ውሃ በክረምት የገበሬውን ቀይ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ታላቅ ውሃ ነው። ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስፋቱ ብዙ፥ ጥልቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ ነፋስ በነካው ጊዜ ፈጥኖ ይናወጣል።

ከባሕር ዳር ማልደን በጀልባ ተነሣንና ከሁለት ሰዓት በላይ ከተጓዝን በኋላ ከደቅ ደረስን። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊዋ ስትሆን 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናት። የነገሥታት አፅም ያረፈባት ጎረቤቷ ዳጋ እስጢፋኖስ እንደ ጉልላት ቀጥ ብላ ስትቆም፥ ደቅ እንደ ምጣድ ተዘርግታ ትታያለች። በምዕራብ ዳርቻዋ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

የአራዊቱና የአዕዋፉ ነገር እጅግ ደስ ያሰኛል። ጉማሬ ከደንገሉ መካከል ራሱን ብቅ ያደርጋል፤ ፔሊካን የተባለው፥ ከመንቁሩ ሥር ከረጢት ያለው ወፍ፥ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከሩቅ ሰሜን አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም በዳርቻው ይከርማሉ። ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙ 15 ያህል ዓይነቶች አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይወጣሉ።

ከቀትር በኋላ ለመመለስ ስንሰናዳ ነፋስ ተነሣ። በወደቡ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ ቆማ ነበርና፥ ስለ እርስዋ ብለን ባለ ጀልባውን ለመንነው። ሽማግሌው ግን፦ «ልጆቼ፥ ጣና ጧት የዋህ ነው፤ ከቀትር በኋላ አይታመንም። አንዱን ሕፃን አድናለሁ ብዬ ሁላችሁን አላሰጥምም» አሉን። ሌሊቱን ሁሉ ማዕበሉ ዳርቻውን ሲመታ፥ እናቲቱም የልጅዋን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዝ አደረች። ጎሕ ሲቀድ ውሃው ጸጥ አለ፤ ፈጥነን ተሻገርን፥ ሕፃኑም በሐኪም እጅ ገባ።

ያን ሌሊት አንድ ነገር ተማርን። ደንገል ጥቅሙ ለታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ በዳርቻው ጥቅጥቅ ብሎ ሲቆም የማዕበሉን ኃይል ያበርዳል፥ ለዓሣውና ለወፉም መጠጊያ ይሆናል። ዳሩ ግን ደንገሉ ለእርሻ ሲባል እየተመነጠረ ሄዷል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በባሕሩ ላይ ታይቶ ዓሣ አጥማጁንና ታንከኛውን አስቸግሯል። ወንዙ የሚያመጣው አፈርም ጥልቀት የሌለውን ባሕር ይብስ ይሞላዋል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን ከዓለም ባዮስፌር ሥፍራዎች መካከል መዝግቦታል፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን አፈር አያግድም።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፥ ወደ ደሴቶቹ ስትሄዱ ማልዳችሁ ተሻገሩ፤ ልጆቻችሁን መንሳፈፊያ ልብስ አልብሱ፤ ከልኩ በላይ በተጫነ ጀልባ አትሳፈሩ፤ ባለ ጀልባው «ይቅር» ባለ ጊዜም አታስገድዱት። አንተም የሰከላ ገበሬ ወንድማችን፥ በማሳህ ላይ እርከን ስትሠራ የራስህን እህል ብቻ የምታድን አይምሰልህ፤ በማታያት በደቅ ደሴት ላይ ያለችውንም እናት ትረዳለህ።