አሮጌውን ስም ማን ይዞታል?

አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ሰርቨሩን በአዲስ ተካ። የኔትወርክ ባለሙያው ቅዳሜና እሁድን ሳይተኛ ፋይሉንም፣ የደመወዝ ፕሮግራሙንም ወደ አዲሱ አሻገረ። ሁሉም ሠራ። እሁድ ማታ ግን «ለአዲስ ማሽን አዲስ ስም» ብሎ የሰርቨሩን ስም ቀየረው።

ሰኞ ጠዋት ደመወዝ የሚሠሩት ወይዘሮ ደወሉ። «ልጄ፣ ፕሮግራሙ ሰርቨሩን አላገኘሁትም ይለኛል። ነገ እኮ ደመወዝ ነው!»

ማሽኑ ደህና ነበር። የጠፋው ስሙ ነው። አሮጌው ስም በየሠራተኛው ኮምፒውተር፣ በፕሪንተሩ፣ ከዓመታት በፊት በለቀቀ ሰው በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተፈጠረው ዲኤንኤስ አንድ ማሽን ከራሱ ስም ሌላ ተጨማሪ መጠሪያ እንዲኖረው ያስችላል። መጠሪያው ለአገልግሎቱ ከተሰጠ ማሽኑ ቢለወጥም ተጠቃሚው አይደናገርም። አሮጌው ስምም የሚጠራው እስኪጠፋ ድረስ ወደ አዲሱ ማሽን ይመራል። ባለሙያው ከሰዓት ላይ ይህንኑ አደረገ፤ ደመወዙም በቀኑ ወጣ።

ስም የሰጪው ብቻ አይደለም፣ የጠሪውም ነው። አደባባዩ በይፋ ሚያዝያ 27 ቢባልም የታክሲ ረዳቱ የሚጣራው «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ነው። ሕዝብ የለመደውን ስም በአንድ ሌሊት አይጥልም፤ ኮምፒውተር ደግሞ ካልነገሩት ጭራሽ አይጥልም።

ስም መቀየር ለቀያሪው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዕዳው የሚወድቀው በአሮጌው ስም ጠርቶ «የለም» በሚባለው ላይ ነው።