የአራቱ ዳና

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ በመምህርነት ዘመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አላስታውስም። በምሳሌው ውስጥ ድሩ ብዙኃኑ ነው፤ አንበሳው ግን ብቻውን የቆመ ኃያል ነው። በለገሐር አደባባይ በሐውልትነት የቆመውም አንበሳ ብቻውን ነው። አንበሳን ከወገኑ ነጥዬ እያሰብሁ አደግሁ፤ ሳስተምርም ኖርሁ። ይህ አስተሳሰቤ የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ2011 ነሐሴ ወር ላይ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በሳቢ ሳንድ የዱር አራዊት ጥብቅ ክልል፣ በአንድ አሸዋማ መንገድ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ነው።

ሳቢ ሳንድ ከክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በስተምዕራብ የሚዋሰን፣ 65,000 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የቁጥቋጦ ምድር ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ከተነሣ ወዲህ አራዊቱ ወዲያና ወዲህ እንደ ልብ ይመላለሳሉ። ወቅቱ በዚያ አገር ደረቅና ብርዳም ነበር። ጎሕ ሲቀድ ከሰፈራችን ወጣን። የሻንጋን ተወላጅ የሆኑት አዛውንት ዱካ ተከታይ በመኪናው አፍንጫ ላይ በስተግራ በተገጠመች ትንሽ መቀመጫ ተቀምጠው ዐይናቸውን ከመሬት አልነቀሉም። ድንገት እጃቸውን አነሡ፤ መኪናው ቆመ፤ ወረድን።

አዛውንቱ በያዙት ቀጭን በትር በአንድ ዳና ዙሪያ ክብ አሰመሩ። የጥፍር ምልክት ስለሌለው የጅብ አይደለም፤ ተረከዙ በስተኋላ በሦስት የተከፈለ ነው፤ ስፋቱም የሴት አንበሳ ሊሆን አይችልም። ሌሊት የሚድሁ ነፍሳት በአሸዋው ላይ የተዉት ስስ መስመር በዳናው ተረግጦ ጠፍቷል እንጂ በላዩ አልተሻገረም። ስለዚህ አንበሳው ያለፈው ሊነጋ ሲል ነው። ይህን ሁሉ ያነበቡት እኔ አንዲት ጎድጓዳ ብቻ ካየሁበት ሥፍራ ነው። ያን ጊዜ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንደ ሆንሁ ተሰማኝ።

ጥቂት እንደ ሄድን ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ሦስተኛና አራተኛ ዳና ተጨመረ። ከአራቱ የአንደኛው የቀኝ የኋላ እግር መሬቱን እምብዛም አልተጫነውም፤ ያነክሳል ማለት ነው። ከሁለት መቶ እርምጃ በኋላ በአሸዋው ላይ ሦስት ሰፋፊ የመተኛት ምልክቶች አገኘን። አዛውንቱ ወደ ኋላ ወደሚያነክሰው ዳና አመለከቱና «እዚህ ተኝተው ጠበቁት» አሉ።

ይህ አጋጣሚ ብቻ እንዳልሆነ በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ ሜዳ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ያስረዳል። ወንድ አንበሳ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሆነው ከተወለደበት መንጋ ይወጣል። ብቻውን የቀረ እንደ ሆነ ግዛት ለመያዝ ያለው ተስፋ የመነመነ ነው። ስለዚህ ወንድማማቾችና የአጎት ልጆች ያብራሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ የሆኑት ደግሞ ዘመድ ያልሆነውንም ይቀበላሉ። ተመራማሪዎች የባዕድ አንበሳ ግሳት በድምፅ ማጉያ ባሰሟቸው ጊዜ፣ ዘመዳሞች ሆኑም አልሆኑም፣ ወደ ድምፁ ገሥግሠዋል።

ኅብረት ሲላላ የሚሆነውን ግን ያ የሳቢ ሳንድ ምድር ራሱ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ማፖጎ የተባሉ ስድስት ወንዶች በአካባቢው ገነኑ። አምስቱ አብሮ አደጎች ሲሆኑ ስድስተኛው ከሌላ ሥፍራ መጥቶ የተቀላቀላቸው ነበር። ስድስት ሆነው ሳሉ የሚቋቋማቸው አልተገኘም። በኋላ ግን ሁለቱ ተገንጥለው በምሥራቅ የራሳቸውን ግዛት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2010 አምስት መጤዎች በእነዚህ በሁለቱ ላይ መጡ። ሁለቱ ከመጤዎቹ አንዱን ገደሉ፤ የቀሩት አራት መጤዎች ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ገደሉት። በሕይወት የተረፈው ወደ ወንድሞቹ ሸሸ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2012 በሌላ ኅብረት እጅ ወደቀ።

እኛ ዳናቸውን የምንከተላቸው አራቱ እነዚያው ድል አድራጊዎች ነበሩ። ማጂንጊላኔ ይሏቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ልቤ ከአራቱ ጋር ነበር። ወደ ወንዙ ስንቃረብ አዛውንቱ እንደ ገና ቆሙ። የአንዲት እንስት ዳና፣ ከጎኑም የጨቅላ ደቦሎች ጥቃቅን ዱካ፣ ከመንገዱ በድንገት ታጥፎ ወደ ድንጋያማው ሥፍራ ያመራል። እናት ልጆቿን ይዛ ሸሽታለች። ደቦሎቿን የምታሳድግ እንስት እነርሱ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ እስኪሆናቸው ድረስ ዳግመኛ አትፀንስም። ወንዶች ግዛት የሚይዙት ደግሞ በአብዛኛው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ድል አድራጊዎች የቀደሙትን ልጆች ይገድላሉ። ቈስሎ የሚያነክሰውን ወንድማቸውን ተኝተው የጠበቁት እነዚያው አንበሶች ያችን እናት ቢያገኟት ደቦሎቿን አይምሩም ነበር።

አዛውንቱ ጥቃቅኑን ዱካ ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ መሪያችንን ወደ ሌላ መንገድ እንዲመልሰን ጠየቁት። «ብንከተላት ከመሸሸጊያዋ እናስወጣታለን» አሉ። አራቱን ረፋዱ ላይ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አገኘናቸው። አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ጎፈሩን አሳርፎ ተኝቷል። የሚያነክሰው መካከላቸው ነበር። ትዕይንቱ ያማረ ነበር፤ እኔ ግን ድንጋያማውን ሥፍራ ከልቤ ላወጣው አልቻልሁም።

አገሬ ከተመለስሁ በኋላም ያን ምሳሌ በሰሌዳ ላይ መጻፌን አልተውሁም። አንበሳውም ራሱ ድር እንደ ሆነ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ማበር ኃይል መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ከምሳሌው ሥር ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «ያበሩት ምን ሊያደርጉ ነው?» መልሱን ከመቀበሌ በፊት የአራቱን ዳናና የደቦሎቹን ጥቃቅን ዱካ ጎን ለጎን በጠመኔ እሥላቸዋለሁ።