አንጀት ከተሰፋ በኋላ ያሉት ቀናት

አንጀቱ ተቆርጦ የተገጠመ ሰው ያለበት ቤት ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ዐይኑን መክፈት አለበት። ይህን ያወቅነው ካርቱም ሳለን ነው። ዛሬ ገሚሶቻችን መተማ፣ ገሚሶቻችን ገዳሪፍ፣ ሌሎቻችን ካይሮ ነን። የምናውቀውን ለሚያስፈልገው ሰው ይድረስ ብለን ጻፍነው።

ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው። የታመመው ከመካከላችን የአንዷ ታላቅ ወንድም፣ ደይም ውስጥ ቡናና በርበሬ የሚሸጥ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ሰገራም ጋዝም አልወጣ ብሎት ስንወስደው የአንጀት መጠማዘዝ ነው ተባለ። በእኛ አገር ለትልቁ አንጀት መዘጋት ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ይበልጥ የሚይዘውም ወንዶችን ነው። የተጠማዘዘው ተቆርጦ ወጣ፣ ሁለቱ ጫፎች ተሰፍተው ተገጠሙ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ መጥታ «ሪህ» ወጥቶለታል ወይ አለችን። በዐረብኛ ጋዝ ማለቷ ነው። አንዷ እህታችን የመገጣጠሚያው በሽታ መስሏት «ኧረ ጋሼ ሪህ የለበትም!» ብላ ተሟገተች። ያን ቀን ሳቅንበት እንጂ ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። ታላቅን ሰው «ፈስ ወጣ ወይ?» ማለት ያሳፍራል፤ ግን ጠይቁ። አንጀት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በዚያ ነው። ጀምሮ ከቆመ ደግሞ ይብሳል።

በአራተኛው ቀን አልጋ ስለተፈለገ ውጡ ተባልን። ቁስሉ ደርቋል፣ ሾርባም ጠጥቷል። ጋሼ «አገሬ ገብቼ ልዳን» ብሎ ለሰባተኛው ቀን ማለዳ የገዳሪፍ አውቶቡስ ቲኬት አስቆረጠ። እስከ ገዳሪፍ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ገላባት፣ ከዚያ መተማ። በዚያ መንገድ ላይ ሌሊት ሆድ የሚከፍት ሐኪም የት እንደሚገኝ መንገዱን የምታውቁ አስቡት።

አንዲት ሱዳናዊት ነርስ ጎረቤታችን ነበረች። «ጠዋት፣ ቀንና ማታ፣ ጋደም ባለበት የልብ ምቱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ጻፉት» አለችን። መጻፍ መቼም ሥራችን ነው፤ ዱቤ በምንመዘግብበት ደብተር ጀርባ ላይ መዘገብነው። አምስተኛው ቀን 88፣ 90፣ 92። ስድስተኛው ቀን ጠዋት 104፣ ማታ 118። ትኩሳቱ ግን 37.6 ብቻ ነበር። ጋዙም ቆሟል፤ ሆዱ ነፋ ነፋ ብሏል፤ ሽንቱ አንሷል። ጋሼ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ አትረብሹኝ» ባይ ነው።

ቤቱን የሞላው ጠያቂ ሁሉ የሚያየው ቁስሉን ነበር። የውጭ ቁስል የሚናገረው ስለ ቆዳው ነው። ውስጥ የተሰፋው ቦታ ሲያፈስ ሰገራው ከነተሕዋስያኑ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈጥነው ልብ ነው፣ ትንፋሽም ይከተላል። ትኩሳት ሊዘገይ ይችላል፤ ፓራሲታሞል የሚውጥ ሰው ላይ ደግሞ ይደበቃል። በድንገተኛ ኦፕራሲዮን የተሰፋ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳር ያለበት ሰው ይበልጥ ያሰጋል።

በዚያው ሌሊት መለስነው። ተረኛው ሐኪም «ጋዝ ነው፣ ይራመድ» አለ። ደብተሩን ዘርግተን አሳየነው። ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲ.አር.ፒ. የሚባል የደም ምርመራ አዘዘ። ይህ ነገር ከማንኛውም ኦፕራሲዮን በኋላ ይጨምራል፤ ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ግን መውረድ አለበት። በእነዚያ ቀናት በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ሆኖ ከቀጠለ ሐኪሞች ይጠረጥራሉ። የጋሼ በጣም ከፍ ያለ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሣ፤ ያፈስ ነበር። ሳይነጋ ተከፈተ፣ ታጠበ፣ የአንጀቱ ጫፍ በሆዱ በኩል ወጥቶ ከረጢት ተደረገለት። አውቶቡሱ ያለ እሱ ሄደ።

ከረጢቱን ጋሼ እንደ ውርደት ቆጠረው፤ ዘመድም ተንሾካሾከ። እኛ ግን ሐኪም «ኮሎስቶሚ ያስፈልጋል» ሲል «ግድ የለም፣ ዝም ብለህ ግጠመው» ብሎ የሚለማመጥ ቤተሰብ ያናድደናል። ጊዜያዊ የሆነው ከወራት በኋላ ይዘጋል። የጋሼም ተዘጋ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ፤ ስፌታቸው ሳይወጣ በመተማ የተሻገሩ ሰዎችም ነበሩ። መንገድ ግድ ሲሆን አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዳችሁ አራምዷቸው፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ ሰዓት ሲቀመጡ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ጉዞው ይቅርና ሆስፒታል ግቡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ወረቀቱን ተቀበሉ፦ የቱ አንጀት ተቆረጠ፣ ተገጠመ ወይስ ወደ ውጭ ወጣ፣ በስንት ቀን። በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ጎንደር ስትደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው፤ በዐረብኛ ብቻ ከተጻፈ ገዳሪፍ ላይ አስተርጉሙት።