ሦስት ስም ስለ ነበራት ድመት

በአዲስ አበባ ከተማ፥ በአራዳ፥ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓመተ ምሕረት፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓመተ ምሕረት ዘውድ ከጫኑበት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ፥ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ከባለቤታቸውና ከአንድ የልጅ ልጃቸው ጋራ ይኖራሉ። ቤታቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ቅጥሩ ድንጋይ፥ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከግቢው በር አጠገብ ያለችው ትንሽ ክፍል የሽማግሌው የሥራ ቤት ናት፤ በውስጧም ወናፍና ጉጠት፥ ሚዛንና አንድ አሮጌ በርጩማ አለ። በዚያ በርጩማ ላይ ከሽማግሌው በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም ነበር።

በ2016 ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር፥ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ምክንያት በፒያሳ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉት አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ሰዎቹም ዕቃቸውን በመኪና እየጫኑ ወደየተመደበላቸው ስፍራ ሄዱ፤ ብዙዎቹም የሄዱት በከተማው ዳር ወደ ተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ነው። ለሰው ቤት ተመድቦለታል፤ ለቁም ሣጥኑና ለምጣዱም በመኪናው ላይ ስፍራ ተገኝቶለታል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ተወልዶ ያደገው የድመት ወገን ግን በማንም መዝገብ አልተጻፈምና በፍርስራሹ ላይ ቀረ።

ከነዚያም ከቀሩት አንዲቱ አመድ መልክ ያላት፥ በጀርባዋ ጥቁር መስመር የወረደባት፥ የግራ ጆሮዋም ጫፍ የተቈረጠ ሴት ድመት ነበረች። በሰፈሩ ባለቤት የሌላት እየተባለች ትጠራ ነበር። አንዱ በጓዳው ሲያገኛት በመጥረጊያ ያባርራታል፤ ያው ሰው አይጥ በኮርኒሱ ላይ ሲሮጥ ባደረ ሌሊት ምነው በመጣች ብሎ ይመኛታል፤ በማግሥቱም ይረሳታል። ዶሮ ማነቂያ የሚለው ስም ለድመት ጆሮ ደስ የሚያሰኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ከስሙ በቀር ለርሷ ርስት ተብሎ የተሰጣት ነገር አልነበረም።

ጊዜውም ክፉ ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ቀን ነውና ቤቶቹ ሲፈርሱ ሥጋ ቤቶቹም ብዙዎቹ ተዘግተው ነበር። የራበው ሰው በደረሰበት ደጅ ቆሞ ይለምናል። ድመት ግን የምትለምነውን ደጅ አስቀድማ መምረጥ አለባት፤ በስሕተት የገባችበት ደጅ እግሯን ሊያሰብራት ይችላልና።

የወርቅ ሠሪውንም ቤት የመረጠችው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ሦስት ቀን ያህል በድንጋዩ ቅጥር ላይ ተቀምጣ አየች እንጂ አልወረደችም። የምታየውም ማን ድንጋይ እንደሚወረውር፥ እሳቱ በስንት ሰዓት እንደሚነድድ፥ ውሻ እንዳለና እንደሌለ፥ የወጥ ቤቱ በር መቼ ሳይዘጋ እንደሚቀር ነው። በአራተኛው ቀን እስከ ውኃው ቧንቧ ድረስ ወረደች። የልጅ ልጁ ባያት ጊዜ ደስ ብሎት እየሮጠ ቢመጣባት፥ በቅጥሩ ዘላ ወጣችና ሁለት ቀን ጠፋች፤ በዚያን ጊዜ ቤቱ ፈተናውን ወድቆ ነበር። ደግነቱ የቅኔ መምህር ቅኔው የተሰበረበትን ተማሪ በማግሥቱ ደግሞ እንደሚቀበለው፥ ድመቲቱም ቤቱን ደግማ ልትፈትነው መጣች።

ሽማግሌው ዘመናቸውን ሁሉ በእሳት ፊት ስለ ኖሩ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሲያዩ ቀስ ብለው ይከድኑታል፥ ቀስ ብለውም ይገልጡታል። ይህ ደግሞ በድመት ዘንድ የሰላምታ ቃል ነው። በእንግሊዝ አገር ተመራምረው በ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፥ ሰው ለድመት ዓይኑን ቀስ ብሎ ቢከድንላት እርሷም መልሳ እንደምትከድንለት፥ ወደ እርሱ ለመቅረብም ይበልጥ ፈቃደኛ እንደምትሆን ተገልጧል። ሽማግሌው ይህን ሳያውቁ ወደ ቅጥሩ ቀና ባሉ ቍጥር ሰላም ለኪ ሲሏት ሰንብተዋል።

ቀጥሎ በሩ መቃን ላይ ጕንጯን አሻሸች። የድመት ጕንጭ ሽታ አለውና ባሻሸችበት ስፍራ ምልክቷን ትታ ትሄዳለች፤ ያን ጽሕፈት ዓይን አያነበውም፥ የሚያነበው አፍንጫ ነው። ከዚያም በኋላ አንድ ማለዳ ሽማግሌው የሥራ ቤታቸውን ከፍተው ቢገቡ በርጩማቸው ላይ ተጠምጥማ ተኝታ አገኟት። በየት እንደ ገባች አልታወቀም። በኤርምያስ መልእክት የግሪኩ ጽሑፍ፥ ወርቅ ሠሪዎች በሠሯቸው ጣዖታት ላይ ሳይፈሩ ከሚቀመጡት ከሌሊት ወፍና ከወፎች ጋራ ድመት ተቈጥራለች፤ ድመት በወርቅ ሠሪ ሥራ ላይ መቀመጧ እንግዲህ ትላንት የተጀመረ አይደለም። ሽማግሌው አላስነሧትም። ያን ቀን ቆመው ሠሩ።

ድመትን ወደ ሰው ቤት ማንም እንዳላመጣት፥ ራሷ እንደ መጣች የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ አይጡን ተከትላ ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል በሆነው መቃብር ሰውና ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው መገኘታቸው በ2004 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተነገረ፤ በ2007 ደግሞ በደማቸው ተመርምሮ፥ በዓለም ያሉት የቤት ድመቶች ዘር በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት እንደሚመዘዝ ታወቀ። አራዳም ራሷ የእህል አገር ነበረች። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እስኪያዛውረው ድረስ፥ ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ አጠገብ ይውል ነበር። ጤፍና ገብስ በሚሰፈርበት ስፍራ አይጥ አይጠፋም፤ የዶሮ ማነቂያ ድመቶችም የነዚያ የገበያው ድመቶች ልጆች ቢሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ጣልያን ፒያሳ ብሎ ስሙን ከማምጣቱ አስቀድሞ እነርሱ በአራዳ ነበሩ።

ወደ ነገራችን መነሻ እንመለስ ቢባል፥ በወርቅ ሠሪው ቤት ችግር የሆነው የምግቧ ነገር ነው። ወይዘሮዋ ጾም የሚያጠብቁ ናቸው፤ በሁዳዴ በቤታቸው የወተት ጠብታ አይገኝም። ስለዚህ ለድመቲቱ እንጀራ በሽሮ አድርገው ሰጧት። አሸተተችው፥ ጥቂትም ላሰች፥ ተወችውም። ወይዘሮዋ ተቈጥተው «ድመት ብትመነኩስ ዐመሏን አትረሳም» አሉ። ይህ ምሳሌ ግን ለድመት የሚገባት አይደለም። ድመት ቆብ ልጫን ብላ የለመነችበት ገዳም የለም፤ ሰው በግድ አመንኵሷት ሲያበቃ ምንኵስናዋን አፈረሰች ብሎ ይከስሳታል። አካሏም እንደ ሰውና እንደ ውሻ አይደለም። ታውሪን የሚባለውን ነገር ለራሷ የሚበቃ ያህል መሥራት አይቻላትምና ከሥጋና ከዓሣ ታገኘዋለች፤ ካጣች ግን ውላ አድራ ዓይኗ ይጠፋል፥ ልቧም ይደክማል። በእንጀራና በሽሮ ብቻ 55 ቀን እንድትከርም መፍረድ ጾም ማስጾም አይባልም።

ሽማግሌው ታውሪን የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ የድመቲቱን የጎድን አጥንት ግን ይቈጥሩት ነበር። ስለዚህ ከሱቅ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ገዝተው፥ በሥራ ቤታቸው በሩን ዘግተው፥ በአሮጌ ጣሳ ክዳን ላይ አደረጉላት። ይህን ሦስት ቀን ሠሩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ወይዘሮዋ ውኃ ሊያስታጥቧቸው ቀርበው እጃቸው ዓሣ ዓሣ ቢሸትባቸው ደነገጡ። በዚህ ዕድሜያቸው ባላቸው ጾም የገደፉ መስሏቸው ሌሊቱን ሳይተኙ አደሩ፤ በማለዳም ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ።

ካህኑ ነገሩን ጠይቀው በተረዱ ጊዜ ሣቁ። ወይዘሮዋ ግን አልሣቁም። «አባቴ፥ በነነዌ እንስሶቹም ጾመው የለምን?» ብለው ጠየቁ። ካህኑም፥ «ጾመዋል፤ እርሱ ግን ሦስት ቀን ነው። ደግሞም እነዚያ ከነጌቶቻቸው አዋጅ ተነግሮላቸው ጾሙ፤ ይህች ጌታ የላትም፥ አዋጅም አልሰማች። ሰርዲኑን ይስጧት፤ ጣሳውን ግን ለብቻ ያድርጉት» አሏቸው። ወይዘሮዋም ተመልሰው ለባላቸው ምንም ሳይናገሩ ከዕቃ ቤት አንድ የተሸረፈ ሳሕን አወጡና በሥራ ቤቱ በር ላይ አኖሩ። ስሟንም እንግዳዬ አሏት። የልጅ ልጁ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ንክሻ እንደሚተላለፍ በትምህርት ቤት ተምሮ ነበርና በቅርጫት ከድኖ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዳትና አስከተባት፤ በመንገድ ሳለ ክንዱን ሁለት ስፍራ ቧጨረችው።

ፋሲካ አለፈ። ግንቦት 23 ቀን ለወርኀዊው በዓል ወደ ጊዮርጊስ ከመጡት ሰዎች መካከል ነጠላ ያጣፉ አንዲት ባልቴት ከቅዳሴ በኋላ በዚያ መንገድ ሲያልፉ ወደ ቅጥሩ ቀና ቢሉ ቆመው ቀሩ። «አመዴ!» አሉ። ድመቲቱ የተቈረጠ ጆሮዋን አዞረች።

ወይዘሮዋ ድምፁን ሰምተው ወጡና ባልቴቲቱን አስገቧቸው፤ ቡናም አፈሉ። ባልቴቲቱ በዶሮ ማነቂያ ኖረው ያረጁ ናቸው። ድመቲቱን በየማለዳው እንጀራ በወጥ ያበሏት እርሳቸው እንደ ነበሩ ነገሩ። ዕቃ የተጫነ ዕለት ጥሪ ቢጠሯት አጧት፤ የመኪናው ድምፅ አስደንግጧት ሳትሸሽ አትቀርም፤ ባለ መኪናውም ቸኰለ። «ጓዳዬን እንዳይዘጋባት ብዬ በሩን በድንጋይ አስደግፌ ሄድሁ» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ለካ በሩ ራሱ ሊፈርስ ኖሯል» አሉ።

ይህን ሲነጋገሩ በዶሮ ማነቂያ ሥጋ ቤት ያገለግል የነበረ አንድ ልጅ በበሩ ሲያልፍ ባልቴቲቱን አያቸውና ሊሳለማቸው ገባ። ድመቲቱንም ሲያያት «ነብሮ! አለህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ወንድ መስላው ኖራለች። ማታ ማታ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ከጕማጁ ቍራሽ እየወረወረላት ኖሯል። ባልቴቲቱ በዚህ እጅግ ተደነቁ፤ ከእርሳቸው በቀር የሚያበላት ያለ አይመስላቸውም ነበርና። ልጁም ቈጠረላቸው፦ ሻይ ቤት የነበረችው ሴት በወተቱ ድስት ሥር የቀረውን ታስልሳት ነበር፤ የሌሊቱ ዘበኛ በብርድ ጊዜ ከእሳቱ አጠገብ ያስተኛት ነበር፤ ጫማ ሠሪውም አይጥ ቆዳ ስለሚበላበት ማታ ማታ በክፍሉ ይዘጋባት ነበር። ዛሬ ግን ሻይ ቤቲቱ ያለችው በአንድ ወገን፥ ዘበኛው በሌላ ወገን ነው፤ ጫማ ሠሪው የት እንደ ገባ ልጁም አያውቅም።

አንባቢ ሆይ፥ ባለቤት የላትም የተባለችው ድመት እንግዲህ እንዲህ ያለች ነበረች። አንድም ሰው የኔ ናት አላለም፤ ነገር ግን ከማለዳ እስከ ሌሊት ድርሻዋ በየደጁ ተከፍሎ ተቀምጦላት ነበር። የተጣለችው ሰፈሩ ቸል ብሏት ሳይሆን እነዚያ እጆች ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በየአቅጣጫው ስለ ተበተኑ ነው። የወርቅ ሠሪው ቤት ብቻውን የአንድ ሰፈር ሥራ ሲሠራ ሰንብቷል።

ከዚህ በኋላ በሁለቱ ሴቶች መካከል የትሕትና ክርክር ተነሣ። ወይዘሮዋ «የርስዎ ናትና ይውሰዷት፤ ቅርጫት አለን» አሉ፤ ሲሉት ግን ድምፃቸው ተለወጠ። ሽማግሌው በሥራ ቤቱ መዶሻቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። ባልቴቲቱ ድመቲቱን አዩ፤ እርሷም መጥታ እጃቸውን አሸተተች፥ ጕንጯንም በጣታቸው ላይ አሻሸች፥ ከዚያም ሄዳ በበርጩማው ሥር ተኛች።

«አይ እመቤቴ፥ እኔ ያለሁት በአራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ራሴ ገና አልለመድሁት። እርሷን ወስጄ ምን ላደርጋት» አሉ።

ሲነሡም ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው 50 ብር በረከቦቱ ላይ አኖሩ። ወይዘሮዋ ተቈጥተው ሊመልሱ ቢሉ ባልቴቲቱ እጃቸውን ያዙና፥ «ለርስዎ አይደለም፤ ለርሷ የወር መዋጮዬ ነው። ዕድርተኛው ቢበተን እኔ ከዕድሩ አልወጣሁም» አሏቸው። ሽማግሌውም ገንዘቡን ተቀብለው በሚዛኑ ሣጥን ውስጥ ለብቻ አኖሩት።

ሰኔ 23 ቀን ባልቴቲቱ ደግመው መጡ። በዚያን ጊዜ ጾመ ሐዋርያት ገብቶ ነበር። የሥጋ ቤቱ ልጅ አስቀድሞ በበሩ ላይ ሲጠብቃቸው ቈይቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ሳንባ ሰጣቸው፤ እርሳቸውም ግራና ቀኝ አይተው፥ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ምእመን እንዳያይባቸው በነጠላቸው ሥር ሸሽገው ወደ ግቢው ገቡ።