የአውራምባ ክረምት

ሮማውያን በጋ ብለው የሚጠሩትን ወራት እኛ በቲቡርቲና የምንኖር የኢትዮጵያ ልጆች ዛሬም ክረምት እንላቸዋለን። ነሐሴ ላይ የባቡር ጣቢያው አካባቢ በፀሐይ ሲነድ፣ ሱቆች ለፌራጎስቶ ተዘግተው ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ከመካከላችን አንዱ «ይኸኔ ፎገራ በውሃ ተጥለቅልቋል» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህም በዚህ እትም ስለ አንድ የፎገራ ክረምት ልንጽፍ ወደድን።

በ2010 ዓ.ም. ሦስታችን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳለን፣ በደቡብ ጎንደር ከወረታ ከተማ ብዙም በማይርቀው በአውራምባ ጥቂት ሳምንታት ተቀምጠናል። አውራምባ በ1964 ዓ.ም. ገደማ፣ መደበኛ ትምህርት ባልተማሩት ገበሬ በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተ ማኅበረሰብ ነው። ውድ አንባቢ ዘመኑን ልብ ይበል፤ የአዲስ አበባ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። በውጭ ሀገር የነበሩት የተማሪ ማኅበራት ስለ ሴቶች ጥያቄ በጽሑፍ ሲከራከሩ፣ ያው ጥያቄ በፎገራ ከእንዝርቱ ላይ ተነሣ።

በሀገራችን ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው። ሴቲቱ ጥጡን ትዳምጣለች፣ ባዘቶውን ታዘጋጃለች፣ ስትፈትል ታመሻለች። ወንዱ ድሩን ዘርግቶ ማጉን ይወረውራል፤ ጋቢው ሲሸጥም ገንዘቡን የሚቀበለው እሱ ነው። በአውራምባ ግን ሴቶች ከሸማ መሥሪያው ተቀምጠው መወርወሪያውን ሲልኩ፣ ወንዶችም ሲፈትሉ አየን። ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር የጓሮው ጎመንና ቃሪያ ይኮተኮታል፤ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ወደ ሽመናው ቤት ይገባል። እኛም ክር በቀሰም ላይ እንድናጠነጥን ተሰጠን። ስለ ሥራ ክፍፍል ያነበብነውን ማብራራት ስንጀምር፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሸማኔ «ልጆቼ፣ ሲበጠስ ቋጥሩት፤ ወሬው ሲመሽ ይደርሳል» አሉን።

ሲመሽም አወራን። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብ በሀገራችን የቆየ ነውር መሆኑ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ ማግኘቱ ተነሣ። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የስደታቸው ታሪክ ነበር። አኗኗራቸውና እምነታቸው ለብዙዎች ጎረቤቶቻቸው አልተዋጠም፤ በደርግ ዘመን ማብቂያም በደረሰባቸው ክስና ማሳደድ መንደራቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። ይህ ለማኅበሩ ሁሉ እርሻ የማይበቃ በመሆኑ፣ ሽመናው ዋና መተዳደሪያቸው ሆነ። በእጃቸው ሙያ ባይኖር ኖሮ ወደ መንደራቸው መመለሳቸው ብቻውን አያኖራቸውም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ፣ ከዚያ ክረምት ወዳጆቻችን ጋር የምንነጋገርባቸው ቀናት አንሰዋል። በምንጋራው ቤት ውስጥም ክርክሩ በርትቷል። አንዳንዶቻችን «በአንዲት መንደር አርአያ ሀገር አይለወጥም» ይላሉ። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ይህን ሐሳብ አናቃልለውም። መሬቱ በማን እጅ ነው፣ ሥልጣኑስ ለማን ይታዘዛል የሚለው ጥያቄ በእንዝርት አይመለስም። አውራምባዎች ራሳቸው የተሰደዱት ይህ ጥያቄ በሀገር ደረጃ ባለመመለሱ ነው። ሆኖም ሥልጣን እስኪገኝ ድረስ እኩልነትን በወረቀት ብቻ ያቆየ ትውልድ፣ ሥልጣኑ ቢሰጠው በምን ልምድ እኩልነትን እንደሚያስተዳድር መጠየቅ ይገባናል።

ስለዚህ የማኅበራችን ጉባኤ በመስከረም ሲሰበሰብ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሻዩን ማን ያፈላል፣ ቃለ ጉባኤውን ማን ይይዛል፣ ከስብሰባው በኋላ አዳራሹን ማን ይጠርጋል የሚለው ከመርሐ ግብሩ በፊት ይወሰን፤ ተራውም ለወንድሞችና ለእኅቶች እኩል ይድረስ። ጉዳዩ ጥቃቅን ነው የሚል ጓድ ቢኖር፣ የአውራምባ ሰዎች ቦንጋ ድረስ የተሰደዱበት ጥያቄ ከዚህ ብዙም የራቀ እንዳልነበረ እናስታውሰዋለን።